የኪራዩም የደረሰኙም ጥፋት የመጤ ነው? ስለ ደሴና ኮምቦልቻ ነጋዴዎች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ እጅ በእጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አንብበናል። ጸሐፊው እንደሚሉት ከሌላ ቦታ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ሰዎች የሱቅ ኪራይ አስወድደዋል፣ ግብር አይከፍሉም፣ ሙያ ስለሌላቸው ዛሬ ከፍተው ነገ ይዘጋሉ፣ የአካባቢውን ልጅ ሥራ ይሻማሉ፣ ያገኙትንም ወደ መጡበት ይልካሉ። ደሴ ድሮ እንዲህ አልነበረችም የሚል ቁጭትም አለበት። መፍትሔ ብለው ያስቀመጡት በከተማው አምስት ዓመት ያልኖረ ሰው የንግድ ፈቃድ እንዳይሰጠው ነው።

እኛ በንግድ ምዝገባ፣ በሂሳብ አያያዝና በአነስተኛ ንግድ ሥልጠና ላይ የምንሠራ ሰዎች ነን። የጸሐፊው ቁጭት ይገባናል፤ ከነጥቦቻቸው ውስጥ እውነት ያለበትም አለና ቦታው ሲደርስ እንቀበለዋለን። የማንቀበለው ዋናውን ነገር ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ነጋዴ ወደ ሕጋዊው መስመር እንዳይገባ በሩን የምናጠብበት እኛው የከተማው ሰዎች ነን፤ በሩ ጠብቦበት ውጭ ሲቀር ደግሞ ሕገ ወጥ ነህ እንለዋለን።

አስቀድመን «መጤ» የተባለው ማን እንደሆነ እንለይ፤ ጽሑፉ አራት ዓይነት ሰው በአንድ ስም ጠርቷልና። የመጀመሪያው ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣው ነው። ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት 600,000 ገደማ ሰው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ሲያሰፍር ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተነሣው ከወሎ ነበር። ዛሬ ሰኞ ገበያ ዳር ጉልት የዘረጋው ተፈናቃይ በብዙ ቤተሰብ የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። አያቱ ከአምባሰል ወይም ከተሁለደሬ ወጥተው ከነበረ የልጅ ልጃቸው ወደ ደሴ መመለሱን መምጣት ብለን መጥራታችን ራሱ ያሳዝናል። ሁለተኛው ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመላሹ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ደቡብ ወሎ ከዋነኞቹ የስደት መነሻዎች አንዱ ስለነበረ ብዙዎቹ እዚሁ ገብተዋል። ሦስተኛው ከሌላ ክልል ወይም ከሌላ ከተማ ለንግድ ብሎ የመጣ ነው። አራተኛው የውጭ ዜጋ ወይም ቢጫ ካርድ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነው።

ሕጉ እነዚህን በአንድ ዓይን አያያቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዜጎች ናቸው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ በየትኛውም ቦታ በመረጠው የኢኮኖሚ ሥራ የመሰማራት መብት እንዳለው በግልጽ ይናገራል። ቢጫ ካርድ የያዘው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በብዙ ጉዳይ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይታያል። የውጭ ዜጋው ግን በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ለአንድ ፕሮጀክት በመደበኛው 200,000 ዶላር ካፒታል ይዞ መቅረብ አለበት፤ ችርቻሮ ንግድም እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ለእርሱ የተዘጋ ነበር። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ላይ የምናያቸው አዳዲስ ትንንሽ ሱቆች የዜጎች ሱቆች ናቸው። ክርክራችንም ስለ ዜጎች ነው።

«ኪራይ ያስወደዱት እነሱ ናቸው»

ፈላጊ ሲበዛ ዋጋ እንደሚጨምር አንክድም። ነገር ግን ደሴ ላይ ሱቅ የሚወደድበት የመጀመሪያው ምክንያት መሬቱ ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተጠብባ የተዘረጋች ናት፤ ለሱቅ የሚመች ሜዳ ያለው በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ከመንገዱ 50 ሜትር ገባ ያለ ቦታ ዳገት ወይም ቁልቁለት ስለሚሆን ደንበኛ አይደርስበትም። ነባሩም አዲሱም የሚሻማው ያችኑ አንድ መስመር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የቀበሌ ሱቅ ነው። በትንሽ ኪራይ ከመንግሥት የተያዘ ሱቅ በያዘው ሰው አማካይነት ለሌላ በብዙ እጥፍ ይከራያል። ትርፉ ወደ ከተማው ካዝና አይገባም፤ መሀል ላይ ይቀራል። ይህን የሚያደርገው ትናንት የመጣ ሰው ሊሆን አይችልም፤ የቀበሌ ሱቅ የያዘው የቆየ ሰው ነው።

ሦስተኛው ጸሐፊው ያልነኩት የቅድሚያ ክፍያ ነው። በዚህ ላይ ሰፋ አድርገን መናገር የምንፈልገው፣ ከምናያቸው ኪሳራዎች ብዙዎቹ ከዚህ ስለሚጀምሩ ነው። አንድ ተመላሽ 300,000 ብር ይዞ መጣ እንበል። የወር ኪራይ 15,000 ብር ሆኖ አከራዩ የአንድ ዓመት በቅድሚያ ቢጠይቅ 180,000 ብር ገና በሩ ሳይከፈት ሄደ። ለመደርደሪያ፣ ለጂፕሰምና ለመብራት 50,000 ብር ሲጨመር ዕቃ መግዣው 70,000 ብር ብቻ ነው። በ70,000 ብር ዕቃ የወር 15,000 ኪራይ ለማውጣት፣ ትርፉ ከመቶ 20 ቢሆን፣ በየወሩ 75,000 ብር መሸጥ አለበት፤ ማለትም ካለው ዕቃ አብዛኛውን በየወሩ አዙሮ ገና ኪራዩን ብቻ ሸፈነ። የራሱ ቀለብ፣ የመብራት፣ የሠራተኛ፣ ግብር ገና አልተነኩም። ይህ ሰው ስድስተኛው ወር ላይ ሲዘጋ «ሙያ የለውም» ይባላል። ሂሳቡ ግን ከመጀመሪያው ቀን አልሠራም ነበር።

አራተኛው ሁለት ውል ነው። አንደኛው ለመሥሪያ ቤት የሚቀርብ፣ 3,000 ወይም 4,000 ብር የተጻፈበት፤ ሁለተኛው በቃል ያለ፣ እውነተኛው። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብር ይቀንስልኛል ብሎ ነው። ተከራዩ ግን ሦስት ጊዜ ይጎዳል። በወጪነት ማስያዝ የሚችለው የተጻፈውን ብቻ ስለሆነ ያልተጻፈው 11,000 ወይም 12,000 ብር እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ግብር ይከፍልበታል። ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። አከራዩ ውጣ ሲለው በቅድሚያ የከፈለውን ለማስመለስ ማስረጃ የለውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 የቅድሚያ ክፍያን በሁለት ወር ቢገድብም የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይደለም። ሱቅ የሚከራይ ሰው ከለላው ውሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ ቢያንስ አምስት ነገር መጻፍ አለበት፦ የኪራዩ ዘመን (ከሁለት ዓመት ያላነሰ ቢሆን ይመረጣል)፣ በየዓመቱ ሊጨመር የሚችለው በመቶኛ፣ ለመልቀቅ የሚሰጠው የቀን ብዛት፣ ቆጣሪው የማን እንደሆነና ያለፈው ዕዳ ማንን እንደሚመለከት፣ ተከራዩ ያስገባው ዕቃ ሲለቅ የማን እንደሚሆን። ክፍያው በባንክ ይሁን። አከራዩ በባንክ አልቀበልም ካለ ተከራዩ ያን ቤት ትቶ ሌላ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ መራራ ምክር እንደሆነ እናውቃለን።

ኮምቦልቻ ላይ የኪራይ ውድነቱ ሌላ መነሻ አለው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከገጠር ለሥራ የሚመጡ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ክፍል ፍለጋ ጀመሩ፤ የመንገድ ዳር ክፍሎችም ወደ ሱቅነት ተቀየሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱም ከተሞች ተያዙ፣ ፋብሪካና ሱቅ ተዘረፈ። ወዲያው በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ታገደች። ኪራዩ ግን በወጣበት ቀረ። ይህን ሁሉ ከወለጋ የመጣ እንጀራ ጋጋሪ ላይ ማሸከም ግፍ ነው።

«ግብር አይከፍሉም፤ ደረሰኝ የላቸውም»

ያለ ፈቃድና ያለ ደረሰኝ የሚሠሩ አሉ፤ ይህ እውነት ነው፤ ነባሩን ግብር ከፋይም ይጎዳል። ጸሐፊው ያላዩት ለምን እንደሆነ ነው። መስመሩን ደረጃ በደረጃ እንየው፤ የት የት እንደሚበጠስ ይታያል።

መጀመሪያ የነዋሪነት መታወቂያ ነው። ለዚህ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። ከሌላ ከተማ በሰላም የመጣ ሰው ሄዶ ያመጣል። ቀበሌው የተቃጠለበት ወይም ተመልሶ ሊረግጠው የማይችለው ተፈናቃይ ግን መሸኛ ከየት ያምጣ? የተፈናቃይነት ማስረጃ ይዞ ሲሄድ አንዱ ቀበሌ ይቀበለዋል፣ ሌላው ይመልሰዋል። ከሳዑዲ በመጓጓዣ ሰነድ ብቻ የተመለሰችው ልጅም ከስደት በፊት የነበራት መታወቂያ ጊዜው አልፎበታል ወይም ጠፍቷል። እዚህ ላይ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ትልቅ መንገድ ከፍቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሰነድ የሌለው ሰው ቀድሞ በተመዘገበ ሰው ምስክርነት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ስለዚህ አዲስ መጥቶ መነገድ የሚፈልግ ሰው ከመሸኛው በፊት ባለ 12 አኃዙን የፋይዳ ቁጥር ያውጣ፤ ባንኩም ሌላውም መሥሪያ ቤት እየጠየቀው ነው።

ቀጥሎ ባለ 10 አኃዙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቲን፣ ይወጣል፤ አሻራ ይሰጣል። ይህ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም።

ሦስተኛው የሥራ አድራሻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ የኪራይ ውል ይፈለጋል፤ ለማጽደቅ አከራዩ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ይዞ መቅረብ አለበት። ደሴ ውስጥ ብዙ ነባር ቤት ካርታው በሟች አባት ወይም እናት ስም ነው። ወራሾቹ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ካላወጡና ስም ካላዞሩ፣ ወይም ከወንድማማቾቹ አንዱ አልፈርምም ካለ፣ ውሉ አይጸድቅም። ተከራዩ ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ ከሆነ ቤቱ አለው፣ ሥራ አለው፣ ፈቃድ ግን የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው፤ በእርሱ ጥፋት አይደለም። ለዚህ ነው ገንዘብ ከመክፈል በፊት ካርታውን በዓይን አይቶ፣ ስሙን ከአከራዩ መታወቂያ ጋር ማመሳከር የመጀመሪያው ሥራ መሆን ያለበት።

አራተኛው ንግድ ምዝገባና ፈቃዱ ነው። ምግብ ነክ ከሆነ ከጤናው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይቀድማል፤ የሚታየው ውኃ፣ መጸዳጃ፣ የሚታጠብ ግድግዳና ወለል፣ የሠራተኞች የጤና ምርመራ ነው። የፈቃዱ መደብ በትክክል መመረጥ አለበት። የችርቻሮ ፈቃድ ይዞ ለሆቴል በጅምላ የሚያቀርብ ሰው ደረሰኙ ዋጋ ያጣበታል፤ ሆቴሉም ወጪው ስለማይያዝለት ሁለተኛ አይገዛውም። እድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከዚያ ያለፈ በቅጣት ይታደሳል።

አምስተኛ የሚሆነውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ መዝጋት ነው። ሱቅ መዝጋት ቁልፍ አስረክቦ መሄድ ማለት አይደለም። ፈቃዱ ካልተመለሰና የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ካልተወሰደ መዝገቡ እንደሚሠራ ሰው ይቀጥላል፤ ግብርና ቅጣቱ ይደማመራል። ከስሮ ዳግመኛ በጅቡቲ ኦቦክ በኩል ባሕር ለመሻገር የተነሣ ወጣት ይህን አያስበውም። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ እንደገና ልሥራ ሲል ዕዳው በር ላይ ይጠብቀዋል፤ ያን ጊዜ ያለ ፈቃድ መሥራትን ይመርጣል። ፈቃድ እንዴት እንደሚመለስ ሰው ሊያስተምረው ይገባ ነበር።

ደረሰኝ የሌለው ሰው ግብር አይከፍልም ማለትም ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። መዝገብ የማይዝ ነጋዴ በግምት ይከፍላል፤ ግምቱ ደግሞ ሱቁን በማየት ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ መብራቱ የደመቀ፣ ዋና መንገድ ላይ ያለ ሱቅ ብዙ የሚሸጥ ይመስላል። የተመላሽ ሱቅ እንዲህ ነው፤ ገንዘቡን ውበቱ ላይ አፍስሶበታልና። ስለዚህ ትንሽ ቢሆንም መዝገብ መያዝ ያዋጣዋል፦ አንድ ደብተር ለዕለት ሽያጭ፣ አንድ ለግዢ፣ አንድ ለወጪ፤ የግዢ ደረሰኝ በወር በወሩ በፖስታ። ግምቱ ሲመጣ ቅሬታ የሚቀርበው በዚህ ነው።

«ሙያ የላቸውም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሱቅ ይከፍታል»

የዚህን ሁለተኛ ግማሽ እንቀበላለን። አንድ ጁስ ቤት ሲያዋጣ በዚያው መንገድ አምስት ይከፈታል። የሞባይል ዕቃ፣ ቡቲክ፣ ጁስ፤ ከዚያ አንዱ የሌላውን ደንበኛ ሲከፋፈል ሁሉም ይቀጥናል። ነባሩም እንዲሁ ያደርጋል፤ አዲሱ ግን የሚመክረው ጎረቤት ስለሌለው የሚያየውን ይቀዳል።

ሙያ የለም የሚለውን ግን አንቀበልም። ጂዳ ወይም ቤይሩት አሥር ዓመት ወጥ ቤት የሠራች ሴት ሙያ አላት። ችግሩ ሙያዋን የተማረችው ባሕር ወለል ላይ መሆኑ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጂዳ የሚያምረው ኬክ ደሴ ላይ ምጣዱ ውስጥ ብድግ ይልና መሀሉ ይሰምጣል፤ ዙሪያው ይደርቃል። ምክንያቱ የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ በቀላል አየር ውስጥ ከሚገባው በላይ ስለሚነፋና ሊጡ ሳይጠና ስለሚፈነዳ ነው። ማስተካከያው ይህ ነው፦ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ መቀነስ፣ ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ማውጣት፣ ለእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ መጨመር፣ የምድጃውን ሙቀት በ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ማድረግ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ለውጡ ያነሰ ነው። ይህን የሚነግራት ሰው ካገኘች በሁለት ሳምንት ታስተካክለዋለች፤ ካላገኘች ዱቄቱና እንቁላሉ በኪሳራ ያልቃል።

ጀነሬተርም እንደዚያው ነው። ተመላሾች አስበው ይዘው የሚመጡት የቤንዚን ጀነሬተር ከፍታ በጨመረ በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 4 ከመቶ ኃይሉን ያጣል። 5 ኪሎዋት የሚል የተጻፈበት ደሴ ላይ የሚሰጠው 3.6 ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.8 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ስለዚህ በወረቀት የሚበቃው ጀነሬተር አንዲት ምጣድ መሸከም ያቅተዋል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ በመጨረሻ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ጭሱ ነዳጁ ለቀጭኑ አየር ስለሚበዛ ነው፤ የካርቡሬተሩን ጂግለር በአነስተኛ ቀዳዳ ማስቀየር ይረዳል፣ የጠፋውን ኃይል በሙሉ ግን አይመልስም።

እንጀራ ደግሞ ከተፈናቃይ ሴቶች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ሥራ ስለሆነ ቁጥሩን እንናገር። ከ1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3 ወይም 4 እንጀራ ይወጣል፤ በቀን 200 ለምግብ ቤት ለማቅረብ ከ50 እስከ 67 ኪሎ ዱቄት ይፈልጋል። አንዱ እንጀራ ምጣዱን ማሰስና ማውጣት ተጨምሮ 3 ደቂቃ ቢወስድ 200ው በአንድ ምጣድ 10 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ምጣድ ያስፈልጋል። አንዷ ምጣድ በ220 ቮልት 17 አምፔር ያህል ትስባለች፤ ሁለቱ 35። በብዙ መኖሪያ ቤት ሶኬት ላይ የተዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህን አይችልም፤ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ቮልቴጁም ስለሚወርድ ምጣዷ ሳትግል እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ለእያንዳንዷ ምጣድ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ሳጥን የራሷ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና የራሷ ባለ 25 አምፔር መቁረጫ ይዘርጋላት። ከሦስት ምጣድ በላይ ከታሰበ ሦስት ፌዝ መጠየቅ ነው፤ ጥያቄውም ሱቁ ከመከራየቱ በፊት ይሁን።

ሊጡም ቦታ ያውቃል። ከወለጋ ቆላማ ቀበሌ የመጣች ሴት በሁለት ቀን የሚቦካ ሊጥ ለምዳለች። ደሴ ላይ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ሦስተኛ ቀን ካልደረሰ አይቦካም፤ በሁለተኛው ቀን አብሲት ጥላ ብትጋግረው እንጀራው አፍለኛና ዓይን የለሽ ይሆናል፣ ምግብ ቤቱም ይመልሰዋል። ቡሃቃውን መጠቅለል፣ እርሾውን ማብዛት፣ በለብ ያለ ውኃ ማቡካት ይረዳል። ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፦ ጠዋት መብራት ከጠፋ ሊጡ እስከ ከሰዓት ይኮመጥጣል። እዚያ አንዲት የማገዶ ምድጃ ለመጠባበቂያ ማኖር ግድ ነው። እነዚህን ነገሮች ነባር የደሴና የኮምቦልቻ እናቶች ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጸሐፊው እንዳሉት ሙያ የሌላቸው ሰዎች ሳይሆኑ፣ ከነባሩ ጋር ያልተገናኙ ባለሙያዎች ናቸው ያሉን።

አንድ ነገር እንጨምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የገባ ልብስና ስልክ የሚሸጡ ሱቆች ዕቃቸውን በድሮ ዋጋ ሸጠው ጨረሱ፤ በሸጡበት ብር ሲገዙ ግን መደርደሪያቸው ግማሽ ሆነ። ያን ዓመት የተዘጋው ሁሉ ሙያ አጥቶ አልተዘጋም። ዕቃ ሲሸጥ ዋጋውን ባለፈው ግዢ ሳይሆን በሚቀጥለው ግዢ መተመን የሚባለውን ትምህርት ያን ጊዜ ብዙ ሰው በውድ ገዝቶታል።

ብድር ላይም የሚገጥመው ይኸው ነው። የቡድን ብድር እርስ በርስ የሚተዋወቁ ዋሶች ይፈልጋል፤ ቅሬ (ዕድር) ውስጥ ያልገባ፣ ዕቁብ ያልጣለ ሰው ዋስ የለውም። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማቀዝቀዣ፣ የስፌት መኪና፣ ባጃጅ ሳይቀር በመያዣነት እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ አዋጁን በስሙ ጠቅሶ አበዳሪውን መጠየቅ ነው። ወለድ የማይፈልግ ሰውም ዛሬ ከወለድ ነፃ የሆነ አገልግሎት በአብዛኞቹ ባንኮች ያገኛል፤ እዚያ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በትርፍ ስለሚሸጥ ገንዘብ በእጅ አይሰጥም፣ ስለዚህ የዕቃውን የዋጋ ማቅረቢያ ቀድሞ ይዞ መሄድ ጊዜ ይቆጥባል።

«ሥራ ይሻማሉ፤ ገንዘቡን ያሸሻሉ»

በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። ከላይ ያየነው በቀን 200 እንጀራ የሚጋገርበት ቤት በወር ከ15 እስከ 20 ኩንታል ጤፍ ይገዛል፤ ጤፉ ከጃማና ከአካባቢው ነው የሚመጣው። ኪራዩ ለደሴ ሰው ይከፈላል፣ ወፍጮው የደሴ ነው፣ ጋሪውና ባጃጁ የደሴ ነው። ለዘመድ የሚላክ ነገር ቢኖር ከዚህ ሁሉ የተረፈችው ናት፤ የደሴ ልጅስ ከሳዑዲ ስንት ዓመት ሙሉ ወደ ደሴ ልኮ የለም?

ስለ ሠራተኛ ግን ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት አለ፦ ዘመድ ብቻ እያስገቡ ያለ ውል የሚያሠሩ አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን በ60 የሥራ ቀን፣ ሥራውን በቀን 8 ሰዓት ይገድባል፤ ጡረታም ከአሠሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 ከመቶ ነው። ይህ ለነባሩም ለአዲሱም እኩል ይሠራ ማለት አንድ ነገር ነው፤ አዲሱ አይሥራ ማለት ሌላ ነው።

«ደሴ እንዲህ አልነበረችም»

ደሴ እንዲህ ነበረች። ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸው ካደረጓት በኋላ ከተማ ያደረጋት ወደ እርሷ የመጣው ሰው ነው። አረብ ገንዳ የሚባል ሰፈር ስሙን ከየት እንዳገኘ ማንም የደሴ ልጅ ያውቃል፤ የየመን ነጋዴዎች እዚህ ሱቅ ነበራቸው። የአሰብ መንገድ በጣሊያን ጊዜ ሲጠረግ ኮምቦልቻ መገንጠያ ሆነች፤ ጨውና ሸቀጥ ከዚያ ሲወጣ፣ ቆዳና እህል ሲወርድ፣ ከሾፌር እስከ ደላላ ከየአገሩ የመጣ ሰው ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ አሰብን ሲዘጋ ያ መስመር ተቋረጠ፤ ሁለቱ ከተሞች ያን ጊዜ ያጡት ገበያ ከዛሬው አዲስ ሱቅ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የደሴ ንግድ የተጎዳው ሰው ሲመጣ አልነበረም፤ መንገድ ሲዘጋ ነበር።

«አምስት ዓመት ያልኖረ ፈቃድ አይሰጠው»

አንቀጽ 41ን መቃረኑን ከላይ አንስተናል። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና ይህ ቢደረግ ምን እንደሚከተል እናስብ፤ በትንሹ ዛሬም አለና ማየት ይቻላል። አዲሱ ሰው መነገዱን አያቆምም፤ የነባር ሰው ፈቃድ ተከራይቶ ይሠራል። ፈቃድን ለሌላ አሳልፎ መስጠት በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የተከለከለ ነው፤ ቢሆንም ስም የሚያከራይ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ሽያጩ ሁሉ በነባሩ ቲን ላይ ይመዘገባል። ነባሩ የራሱ ሱቅ ካለው የሁለቱ ሽያጭ ተደምሮ ወደ ከፍተኛው የግብር ደረጃ ያወጣዋል፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ከመቶ መሰብሰብ ግዴታ ይሆንበታል፤ ያልሰበሰበውን ከኪሱ ይከፍላል። ነባሩ ቢሞት ሱቁ በውርስ ክርክር ይታሸጋል፣ ዕቃው የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት የለም። ቢፋታም እንደዚሁ። አዲሱ ሰው ደግሞ አምስት ዓመት ሠርቶ በስሙ አንድ ገጽ የሂሳብ ታሪክ ስለሌለው ባንክ አያበድረውም። ጸሐፊው ነባሩን ሊጠብቁ ያሰቡበት ሐሳብ መጀመሪያ የሚጎዳው ነባሩን ነው።

ዛሬ በሰው ፈቃድ የሚሠራ ሰው ካለ፣ ወይም ስሙን ያከራየ ነባር ይህን ካነበበ፣ መውጫው ይህ ነው። ሁለቱም ሆነው ሱቁ ውስጥ ያለውን ዕቃ በዓይነት፣ በብዛትና በመግዣ ዋጋ ይቁጠሩና ይፈራረሙበት። በፈቃዱ ባለቤት ስም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያለው ግብር ይከፈልና ክሊራንስ ይወሰድ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ካለ በዚያ ስም የተመዘገበው መረጃ ተነብቦ በግብር መሥሪያ ቤቱ ይዘጋ፤ መሣሪያውን ስም ሳይዞር መጠቀም አይቻልም። ከአከራዩ ጋር በአዲሱ ሰው ስም አዲስ ውል ይጽደቅ፤ አዲሱ ፈቃድ ይውጣ፤ አሮጌው ይመለስ። ቆጠራውና የአከራዩ ውል ብዙ ቀን ስለሚወስዱ ከግንቦት መጨረሻ መጀመር ያስፈልጋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 ላይ አሮጌው ፈቃድ ገና ካልተመለሰ የአዲሱ ዓመት ሂሳብ እንደገና በስም አከራዩ ላይ ይከፈታል።